«የመጀመሪያው መርሕ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የጦሳ ሥር መምህር (ጠያቂ)

ለተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደሴ ከተማ የምኖር የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለበት አንድ አነስተኛ የንባብ ማኅበር መሥርተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና እየተፈላልን የፍልስፍና ጽሑፎችን እናነባለን። ጽሑፎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ ተራው የደረሰው ሰው ወደ አማርኛ መልሶ ያቀርባል። ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእኔ ነበረና «ፕሪንሲፕል» የሚለውን ቃል በመጣበት ሁሉ «መርሕ» እያልሁ ተረጎምሁት።

ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ሕግ በሚናገረው ክፍል የከበደኝ ነገር አልነበረም። «የእኩልነት መርሕ»፣ «የፍትሕ መርሕ» ሲባል ጆሯችን ለምዶታል፤ ሕገ መንግሥቱም ምዕራፍ 2ን «መሠረታዊ መርሆዎች» ብሎ ሰይሞ ከአንቀጽ 8 እስከ 12 ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ሕገ መንግሥት የበላይነት፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ መንግሥትና ሃይማኖት መለያየት፣ ስለ መንግሥት አሠራር ግልጽነትና ተጠያቂነት ይደነግግበታል። ነገር የተበላሸው ወደ ጥንታውያን ግሪኮች ስገባ ነው። «ታሌስ የነገሮች ሁሉ መርሕ ውሃ ነው አለ» ብዬ ሳነብ አንዱ ባልደረባዬ «ውሃ ደግሞ ማንን ይመራል?» ብሎ ጠየቀና ሳቅ ሆነ። ጥቂት ወረድ ብሎ «እግዚአብሔር የፍጥረት ሁሉ የመጀመሪያው መርሕ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን የሚስቅ ጠፋ። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ «እግዚአብሔር መሪ ነው ብትል ይገባኛል፤ መርሕ ነው ካልህ ግን ሰው ያወጣው ደንብ አደረግኸው» አሉኝ። አንዲት ሙስሊም ባልደረባችንም «አላህ ፈጣሪ ነው እንጂ መርሕ ይባላል ወይ?» ብላ ጨመረች። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ፈላስፎችና የሃይማኖት ሊቃውንት በዚህ ቃል የሚሉት አንድ ነገር ነው ወይስ ብዙ? ብዙ ከሆነስ በአማርኛ «መርሕ» ብቻውን ይሸከመዋል? በመጪው ቅዳሜ የተስተካከለውን ትርጉም ይዤ መቅረብ አለብኝ።


ቦርከና (ከኮምቦልቻ)

መምህር፣ ባልደረባዎ «ውሃ ማንን ይመራል?» ማለቱ ቀልድ ቢመስልም ስሕተቱ ያለበትን ቦታ በትክክል የነካ ጥያቄ ነው። ታሌስ ውሃ ይመራል አላለም፤ ነገር ሁሉ ከውሃ ተገኘ ማለቱ ነው።

የቃሉ መነሻ የግሪኩ «አርኬ» ነው። አርኬ በአንድ በኩል መጀመሪያ፣ መነሻ፣ ምንጭ ማለት ሲሆን በሌላ በኩል ደግሞ አለቅነት፣ ገዢነት ማለት ነው፤ «አርኾን» የሚባለው የግሪክ ሹም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እኛም ይህን ሁለተኛውን ፊት በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ እናውቀዋለን፤ ግሪኮች አርኬን ቀጥለው የሠሯቸውን የማዕርግ ስሞች አባቶቻችን «ሊቀ መላእክት»፣ «ሊቀ ጳጳሳት» ብለው መልሰዋቸዋል። ላቲኖችም አርኬን «ፕሪንኪፒዩም» ሲሉት እንዲሁ ሁለቱንም ፊት ይዞላቸዋል፤ አለቃን «ፕሪንኬፕስ» ይላሉና። የእንግሊዝኛው ቃል የላቲኑ ልጅ ነው። እንግዲህ «መርሕ» ስንል ከሁለቱ ፊቶች የወሰድነው የመሪነቱን ብቻ ነው፤ የመገኛነቱ ፊት ሳይተረጎም ቀርቷል። የእርስዎ ማኅበር የተሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከተፈጥሮ በላይ ስላለው በጻፈው መጽሐፍ (ሜታፊዚክስ በሚባለው) 5ኛ ክፍል የቃላትን ፍች ሲዘረዝር ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው ይህንኑ አርኬን ነው። የመንገድ ጫፍ አርኬ ነው ይላል፤ መንገድ ደግሞ በሁለቱም ጫፉ መጀመሪያ አለው። ከደሴ ለሚወርድ ሰው መጀመሪያው ደሴ ነው፤ ከዚህ ከእኛ ለሚወጣ ግን ኮምቦልቻ ነው። የቤት መሠረት አርኬ ነው። አባትና እናት ለልጅ አርኬ ናቸው። በከተማ ሹማምንቱ አርኬ ናቸው። በማስረጃ አቀራረብ ደግሞ ድምዳሜው የተነሣባቸው አስቀድመው የተያዙ ነገሮች አርኬ ናቸው። ከዚያም የእነዚህን ሁሉ የጋራ ባሕርይ ሲናገር፣ አርኬ ማለት አንድ ነገር የሚኖርበት፣ ወይም የሚሆንበት፣ ወይም የሚታወቅበት ፊተኛ መነሻ ነው ይላል፤ ከእነዚህም አንዳንዱ በነገሩ ውስጥ ያለ፣ አንዳንዱ ከነገሩ ውጭ ያለ መሆኑን ያክላል። መሠረት ከቤቱ አይወጣም፤ አባት ግን ከልጁ ሌላ ነው።

እኔ ለተማሪ ሳስረዳ ዘወትር የምጠቀመው በወንዛችን ነው። ከደሴ በላይ ባለው ተራራማ አገር የሚነሣው ቦርከና በከተማችን በኩል ያልፋል። ምንጩ አንድ ጊዜ ውሃ ሰጥቶ የሄደ አይደለም፤ አሁን፣ ይህን በምጽፍበት ሰዓትም እየሰጠ ነው፤ ቢነጥፍ ወንዙም ይነጥፋል። የመንገድ መጀመሪያ ግን ከታለፈ በኋላ ለመንገደኛው ምንም አይሰጠውም። በፍልስፍና «የመጀመሪያው ፕሪንሲፕል» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እንደ ምንጩ ነው እንጂ እንደ መንገዱ ጫፍ አይደለም።

የማወቅ መነሻ የሚባለውንም ላንሣ። አንድ ነገር ለአንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ገጽታ ሊኖረውም ላይኖረውም አይችልም የሚለውን አርስጣጣሊስ ከመነሻዎች ሁሉ የጸና ይለዋል። ይህን በማስረጃ አስረዳኝ የሚልን ሰው የማስረጃን ነገር ያልተማረ ነው ይላል፤ ማስረጃ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ስለሆነ እርሱን የሚያቆም ሌላ ከየት ይመጣል? ማድረግ የሚቻለው ተከራካሪውን ትርጉም ያለው አንዲት ቃል እንዲናገር መጠየቅ ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል ከተናገረ መርታቱ ቀርቶ ተረትቷል፤ አልናገርም ካለ ደግሞ ከተክል ምን ይለያል ይላል አርስጣጣሊስ፣ ምሕረት የለውም። ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትዝም በ1714 ከዚህ ጎን ሌላ መነሻ አቁሟል፤ ምንም ነገር እንዲህ እንጂ እንዲያ ያልሆነበት በቂ ምክንያት ሳይኖረው አይሆንም የሚለውን።

በመጨረሻ የማድረግ መነሻ አለ። ሌላው ጀርመናዊ ፈላስፋ ካንት በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፍ አንድ ሰው ለራሱ የያዘውን የአደራረግ ደንብ፣ ለማንኛውም አእምሮ ላለው ፍጡር ሁሉ ከሚሠራው ሕግ ይለየዋል፤ የሰውዬው ደንብ የሚመዘነውም ለሁሉ ሕግ ይሆን ዘንድ ሊፈቀድ ይችላል ወይ በሚለው ነው። እዚህ ላይ «መርሕ» ቦታውን አግኝቷል፤ አይንኩት።


የዋድላ ተማሪ

መምህር፣ እኔ ፍልስፍናውን ከቦርከና እየተማርሁ፣ የግእዙን በኩል ልሙላ። በልጅነቴ ዋድላ ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ ግሥ ያስገሠጹን መምህራችን አንድን ቃል ሳይፈቱ ማለፍን እንደ ነውር ይቆጥሩት ነበር።

«መርሐ» መራ ማለት ነው። «መራሒ» መሪ ነው፤ «መሪጌታ»፣ «መርሐ ግብር» የሚሉትም የዚሁ ቤተ ሰቦች ናቸው። ስለዚህም የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው፤ ዛሬ «መርህ» ተብሎም ይጻፋል፣ እኔ ግን ዓይኔ እንቢ ይለዋል። በዚህ ግሥ ውስጥ መነሻነት የሚባል አሳብ የለም። መሪ ከፊት ይሄዳል እንጂ የሚመራውን አያስገኝም፤ ዕውርን የሚመራው ልጅ የዕውሩ አባት መሆን አያስፈልገውም።

የግሪኩ አርኬ በቅዱስ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ግእዙ «መርሕ» አላለውም። የኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ቃል በግሪኩ «ኤን አርኬ» ነው፤ ግእዙ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ» ይላል። የዮሐንስ ወንጌልም በዚያው በ«ኤን አርኬ» ሲጀምር ግእዙ «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» ይለዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት «ቀዳሚ» እንዳልሆኑ ልብ ይበሉ። የኦሪቱ ሰማይና ምድር መኖር የጀመሩበት ነው፤ የወንጌሉ ግን ቃል መኖር የጀመረበት አይደለም፣ በዚያ ቀዳሚ ቃል አስቀድሞ ነበረና። ራእይ 3፥14 ላይ ክርስቶስን ከፍጥረት ጋር አያይዞ አርኬ ሲለውም ክርክር የተነሣው በዚሁ ነው፤ «መጀመሪያ» የሚለውን የመጀመሪያው ፍጡር ብሎ የፈታ ሰው አርዮስን ይከተላል፤ ፍጥረት የተገኘበት ብሎ የፈታ ግን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ይቆማል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት (318ቱ ሊቃውንት) ያወገዙት «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» የሚለውን የአርዮስ ወገን ቃል ነው፤ በየቅዳሴው በምናደርሰው ጸሎተ ሃይማኖትም «ዘህልው ምስሌሁ እምቅድመ ይትፈጠር ዓለም» እንላለን። አብ ወላዲ፣ ወልድ ተወላዲ፣ መንፈስ ቅዱስ ሠራፂ ስንል የመገኛነት ሥርዓት መናገራችን ነው፤ የጊዜ መቅደምና መከተል የለበትም። ፀሐይ ብርሃኑን ያስገኛል፤ ነገር ግን ያለ ብርሃን የዋለበት ቀን የለም።

ግእዙ ለዚህ ሁሉ የሚሆን ሌላ ቃል አለው፤ «ጥንት»። የማይረሳኝ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር በሆነው በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ያገኘሁት ነው። በባሕረ ሐሳብ ጥንት ሦስት ነው፤ ጥንተ ዕለት እሑድ ነው፣ ጥንተ ቀመር ማክሰኞ ነው፣ ጥንተ ዮን ረቡዕ ነው። ተማሪ ሳለሁ «ለአንድ ዓለም ሦስት መጀመሪያ ከየት መጣ?» ብዬ ግራ ተጋብቼ ነበር። እሑድ ፍጥረት የተጀመረበት ዕለት ነው፤ ረቡዕ ፀሐይና ጨረቃ የተፈጠሩበት ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ቁጥሩ የሚነሣበት ነው። ለምሳሌ የ2018 መስከረም 1 በምን ቀን እንደዋለ ለማወቅ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ 2018 ይጨመራል፣ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 መጠነ ራብዒት ይወጣል፤ ሁለቱ ተደምረው 9397 ይሆናሉ፤ በ7 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። ሦስቱን ከማክሰኞ ጀምረን ስንቆጥር ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ፍጥረት የተጀመረው እሑድ ነው ብሎ ከእሑድ የሚቆጥር ሰው ማክሰኞ ላይ ያርፍና ይሳሳታል። እንግዲህ ቦርከና የጠቀሰው የአርስጣጣሊስ አነጋገር፣ የመሆን መነሻ ሌላ፣ የማወቅ መነሻ ሌላ ነው የሚለው፣ እኛ ዘንድ በጣት ሲቈጠር የኖረ ነው።

ችግሩ «ጥንት» በዛሬው አማርኛ «ዱሮ» ወደ ማለት አዘንብሏል። «እግዚአብሔር የፍጥረት ጥንት ነው» ብለው ቢጽፉ የግእዝ ተማሪ ይረዳዋል፣ ሌላው አንባቢ ግን የቆየ ነገር እየተነገረው ይመስለዋል። ስለዚህ እኔ ብሆን «መገኛ» ወይም «አስገኚ» እል ነበር።

በቃል ላይ ይህን ያህል መጠንቀቅ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፊት ቦሩ ሜዳ ላይ የተደረገው ጉባኤ የተከራከረው «ልደት» በሚለው በአንድ ቃል ነበር፤ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት በሚል።


ደረሳው

አሰላሙ ዐለይኩም፣ መምህር። እኔ ቂርአት የቀራሁት ወሎ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው)፣ ቀጥሎ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ)፣ በኋላም ከተውሒድ (የአላህ አንድነት ትምህርት) ጥቂት።

የዋድላው ወንድሜ ቦሩ ሜዳን ማንሣቱ ካልቀረ፣ ያ ጉባኤ ለእኛ አያቶች ሌላ ትዝታ ጥሎ ያለፈ መሆኑን በአንዲት ቃል ልጠቁምና ልለፍ፤ ከክርክሩ በኋላ የወጣው አዋጅ የወሎን ሙስሊም ወይ ተጠመቅ ወይ ሹመትህን ልቀቅ ያለ ነበር። ይህ ሌላ ጊዜ የምንነጋገርበት ነው፤ ጥያቄው የመርሕ ነው።

ባልደረባዎ «አላህ መርሕ ይባላል ወይ?» ማለቷ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ከእርሷ የቆየ ነው። ዐረብኛ እናንተ በአንድ ቃል ልታስሩት የምትደክሙበትን ነገር ለሦስት ከፍሎታል። «መብደእ» የሚለው ከ«በደአ»፣ ጀመረ ከሚለው የመጣ ሲሆን መነሻ ማለት ነው። «አስል» ሥር ማለት ነው፤ ብዙው «ኡሱል» ይባላል፤ ቅርንጫፉ ደግሞ «ፈርዕ»፣ በብዙ «ፉሩዕ» ነው። ኡሱሉል ፊቅህ ስንል ሕግ የሚቀዳባቸውን ሥሮች ነው፤ እነርሱም ቁርኣን፣ ሱና (የነቢዩ ፈለግ)፣ ኢጅማዕ (የሊቃውንት ስምምነት) እና ቂያስ (በማመሳሰል መፍረድ) ናቸው። «ቃዒዳ» ግን ብዙ ዝርዝር ፍርዶችን አንድ ላይ የሚሰበስብ ደንብ ነው። የፊቅህ ሰዎች አምስቱን ትልልቅ ቃዒዳዎች ያውቋቸዋል፤ ጉዳይ ሁሉ በታሰበለት ዓላማ ይመዘናል፤ የተረጋገጠ በጥርጣሬ አይሻርም፤ ችግር ማቅለልን ያስከትላል፤ ጉዳት ይወገዳል፤ ልማድ ዳኛ ነው። ለምሳሌ ለሶላት የሚደረገውን መታጠብ፣ ዉዱእን፣ አድርጎ በኋላ ፈርሶብኝ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ሰው በሁለተኛው ቃዒዳ መሠረት ዉዱእ እንዳለው ይቈጠራል፤ ማድረጉ የተረጋገጠ ነው፣ መፍረሱ ግን ጥርጣሬ ነውና። ይህን ቃዒዳ «መርሕ» ብትሉት በትክክል ይገጥማል፤ ሰውየውን መርቶታል። አስልን ግን «መርሕ» ብትሉት ሥሩን ቅርንጫፍ አደረጋችሁት።

አሁን ወደ አላህ ጉዳይ ልምጣ። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲና እንደ ግሪኮቹ «አል መብደኡል አወል»፣ የመጀመሪያው መነሻ፣ የሚለውን ስም ለአላህ ተጠቅሞበታል። በእርሱ አስተያየት መኖሩ ግድ የሆነ፣ ከሌላ ያልተገኘ አንድ ህላዌ አለ፤ ሌላው ሁሉ ለመኖር እርሱን ይፈልጋል፤ ዓለምም ከእርሱ ዘንድ ያለ መጀመሪያ ሲመነጭ ይኖራል። አቡ ሐሚድ አል ገዛሊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በፈላስፎቹ ላይ ሲጽፍ ከጠየቃቸው ጠንካራ ጥያቄዎች አንዱ ይህን የሚመለከት ነው። አድራጊ የሚባለው የሚፈልግ፣ የሚመርጥ፣ የሚፈልገውንም የሚያውቅ ነው፤ ዓለም ከእርሱ እንደ ብርሃን ከፀሐይ ሳይወድ በግድ የሚፈስ ከሆነ ግን አድራጊ ማለታችሁ ለስሙ ነው አላቸው። በተውሒድ ትምህርት ከምንሸመድዳቸው 20 የአላህ ሲፋዎች (ባሕርያት) መካከል «ቂደም»፣ ማለትም መጀመሪያ የሌለው መሆን፣ እና «ኢራዳ»፣ ማለትም መሻት፣ ሁለቱም ለየብቻ የሚቆጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ የሌለው መሆን ብቻውን ፈጣሪ አያሰኝም።

በዚህ የተነሣ ከቦርከና የምንጭ ምሳሌ ጋር በከፊል ብቻ እስማማለሁ። ምንጭ ውሃውን አይመርጠውም። ስለ ፈጣሪ ሲጽፉ «መገኛ» ከሚሉ «አስገኚ» ቢሉ የተሻለ ነው፤ «መገኛ» የቦታ ስም ነው፣ «አስገኚ» ግን ፈቃድ ያለው ነው። ቡና መገኛው የት ነው ይባላል፤ አስገኚው ማን ነው ቢባል መልሱ ሌላ ነው።


ሰኞ ገበያ

ሁላችሁም በሚገባ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የሕግ ሰነዶችን ለብዙ ዓመታት ስተረጉም ኖሬአለሁ። አንድ የሙያ ቃል በየቦታው በተለያየ ቃል ሲተረጎም ለጊዜው ዓረፍተ ነገሩ ያምራል፤ አንባቢው ግን የማይተካ ነገር ይጎድልበታል። መምህሩ ለታሌስ «መገኛ»፣ ለአርስጣጣሊስ «መነሻ»፣ ለካንት «መርሕ»፣ ለእግዚአብሔር «አስገኚ» ካሉ የማኅበሩ አባላት እነዚህ ሰዎች ሁሉ ሁለት ሺህ ዓመት በላይ በአንድ ቃል ዙሪያ ሲነጋገሩ እንደኖሩ በምን ያውቃሉ? አራት ጉዳይ ይመስላቸዋል። «መርሕ» ዛሬ ጠባብ ከሆነ በአጠቃቀም ይሰፋል፤ «መንግሥት» ግእዙ የንጉሥነትን ነገር ይናገር የነበረ ቃል አይደለም ወይ? ዛሬ ሪፐብሊክም መንግሥት ይባላል፤ ማንም ግር አይለውም።

ደረሳው ስለ «መገኛ» ባለው ግን እስማማለሁ። እዚህ ሰፈር «መገኛው» ሲባል አድራሻ መጠየቅ ነው።


ቦርከና

እኅቴ፣ ቅሬታሽ ጥሩ ነው፤ ግማሹን እቀበላለሁ። የአሳቡ ታሪክ እንዲታይ ካስፈለገ ግሪኩን «አርኬ» ብሎ በፊደላችን ጽፎ በመጣበት ቦታ ሁሉ ማስከተል ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የአማርኛው ቃል እንደ ዓረፍተ ነገሩ ቢለዋወጥ ክሩ አይበጠስም። «መርሕ» እንዲሰፋ መጠበቅ ግን ያስቸግራል፤ «መንግሥት» የሰፋው ከንጉሥ ገዢነት ወደ ሌላ ገዢነት ነው፣ አቅጣጫው አንድ ነው። «መርሕ» ግን ከፊት ወደ ኋላ መዞር ሊኖርበት ነው፤ ወዴት እንደሚኬድ ከማመልከት ከየት እንደመጣ ወደ ማመልከት።

ለደረሳው ወንድሜ ደግሞ፣ በምንጩ ምሳሌ ላይ ያነሣኸው ትክክል ነው። የላቲን ሊቃውንትም በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ተጨንቀዋል። ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አብ ለወልድ «ፕሪንኪፒዩም» ይባላል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አዎን ሲል ይመልሳል፤ ፕሪንኪፒዩም ማለት አንድ ነገር በማናቸውም መንገድ የሚወጣበት ማለት ነውና። የግሪክ አባቶች ስለ አብ ሲናገሩ «ምክንያት» የሚለውንም ቃል ሳይለዩ ይጠቀሙ ነበር፤ የላቲን መምህራን ግን እርሱን ትተው ፕሪንኪፒዩምን ብቻ ያዙ። ምክንያት የተባለ እንደሆነ ከእርሱ የተገኘው በባሕርይ ሌላ፣ በክብርም ታናሽ ይመስላልና። ነጥብ የመስመር መነሻ ነው፣ ምክንያቱ ግን አይደለም፤ እያንዳንዱ ምክንያት መነሻ ነው፣ እያንዳንዱ መነሻ ግን ምክንያት አይደለም። እንግዲህ ሰፊውን ቃል የመረጡት ስለ ሰፋ ነው፤ ብዙ ስለማይናገር አያሳስትም። በዚህ ዓይን ሲታይ «መነሻ» ለአጠቃላዩ አርኬ ከሁሉ የተሻለ አማርኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ለአድራጊው «አስገኚ»፣ ለደንቡ «መርሕ» ከሥሩ ይገቡለታል።


የጦሳ ሥር መምህር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ አገኘሁ። ትናንት ማታ ተቀምጬ ትርጉሙን እንደገና ጻፍሁት። የታሌሱ «ነገሮች ሁሉ የተነሡበት አርኬ ውሃ ነው አለ» ሆኗል። የአርስጣጣሊሱ «ከመነሻዎች ሁሉ የጸናው» ይላል። የካንቱን አልነካሁትም። «እግዚአብሔር የፍጥረት ሁሉ የመጀመሪያው መርሕ ነው» ያልሁትን ደግሞ «የፍጥረት ሁሉ የመጀመሪያው አስገኚ ነው» አልሁት፤ በግርጌው ኢብን ሲና ምን እንዳለና ገዛሊ ምን እንደመለሰለት በሁለት መስመር አስገባሁ፤ ባልደረባችን ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ። የባሕረ ሐሳቡን ስሌት ደግሞ ለሁሉም በጥቁር ሰሌዳ ላይ እሠራላቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼን መንገድ ላይ አግኝቻቸው አዲሱን ዓረፍተ ነገር ቆሜ አነበብሁላቸው። «አስገኚ» የሚለውን ወደዱት። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «‹የመጀመሪያው› ያልኸውን ግን አውጣው፤ ሁለተኛ አስገኚ ያለ አስመሰልኸው» አሉኝ። ላውጣው ወይስ ልተወው?


የዋድላ ተማሪ

ይተዉት፣ መምህር። ጋሼን «እርስዎን ማን አስገኘ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ እግዚአብሔር ይላሉ። «አባትዎስ?» ይበሏቸው፤ እርሳቸውም አስገኝተዋል። ቦርከና ከአርስጣጣሊስ እንዳመጣው አባትና እናትም አርኬ ናቸው፣ ነገር ግን እነርሱ ደግሞ ሌላ አስገኚ አላቸው። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል የተቀመጠው ከኋላው ሌላ አስገኚ የሌለው ለማለት ነው።